ከጆሮ ጀርባ የተደበቀ ስፌት

ፊቷን አሠርታለች የተባለች ሴት ስናይ ምን እንላለን? “አይ፣ እርጅናን ልታመልጥ!” ብለን እንስቃለን። የዚህ ቀዶ ሕክምና ታሪክ ግን ከቁንጅና ባሻገር የእንጀራም ታሪክ ነው።

ፈረንሳዊቷ ሐኪም ሱዛን ኖኤል የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1878 ነው። በ1912 ዝነኛዋ ተዋናይት ሳራ በርናርት አሜሪካ ሄዳ ፊቷን አሠርታ ተመለሰች ተብሎ ፓሪስ ውስጥ ተወራ። ኖኤል ወሬውን ሰምታ ዝም አላለችም። የራሷን ፊት በጣቶቿ እየቆነጠጠች፣ ቆዳው የት ጋ ቢሳብ ምን እንደሚለወጥ መሞከር ጀመረች።

ከዚያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የተበላሸ ወታደሮችን በማከም እጇን አፍታታች። ለሴቶቹ የምትሠራው ግን ቀለል ያለ ነበር፦ ቦታውን ብቻ ታደነዝዛለች፣ በፀጉር መነሻና በጆሮ አካባቢ ትንሽ ቆዳ ቆርጣ ታወጣለች፣ ትሰፋለች። ታካሚዋም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትሄዳለች።

እነማን ነበሩ የሚመጡት? ሀብታሞች ብቻ እንዳይመስላችሁ። “አርጅተሻል” ተብለው ሥራ ያጡ ወይም እንዳያጡ የሚፈሩ ሴቶችም ነበሩ። በ1926 ያሳተመችው መጽሐፍ ርዕሱ ራሱ ስለ ውበት ቀዶ ሕክምና ማኅበራዊ ሚና ይናገራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ። ኖኤል ለሴቶች የመምረጥ መብት የምትታገል ሴት ነበረች። ታዲያ ቀጣሪው “ወጣት ፊት አምጪ” ሲል፣ ፊቱን ሠርቶ መስጠት ለቀጣሪው መገዛት አይደለም?

በከፊል ነው። ደግሞም ቆዳን ብቻ መወጠር ብዙ አይቆይም፤ ይላላል። በ1976 ሚትዝና ፔይሮኒ የተባሉ ሐኪሞች ከቆዳ ሥር ያለውን ሽፋን በዝርዝር ካሳዩ በኋላ ነው ያንን ሽፋን ጭምር ማንሳት የተለመደው። የኖኤል ታካሚዎች የገዙት ጥቂት ዓመታት ብቻ ነበር።

ግን የቤት ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ ነው። ሕጉ እስኪለወጥ ጠብቂ ማለት ለጠገበ ሰው ይቀላል። ፈረንሳይ ውስጥ እንኳን ቀጣሪው፣ መንግሥትም ቢሆን ሴቶች እንዲመርጡ የፈቀደው በ1944 ነው። ኖኤል ሁለቱንም ያዘች፦ ለነገው መብት ታገለች፣ ለዛሬዋ ሴት ደግሞ መርፌና ክሯን አነሳች። ለመሳቅ ከመቸኮላችን በፊት፣ ያቺ ሴት ባታሠራው ኖሮ ምን ታጣ እንደነበር ብንጠይቅ ጥሩ ነው።