ፌስታል በሊታው ትል

የሰም እሳት እራት እጭ፣ ከበሳሳው የፖሊኢትሊን ፌስታል ጋር

ንብ አናቢ ይህን ትል አይወደውም። እናቲቱ በሌሊት ቀፎ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው እጭ ሰፈፉን እየቦረቦረ፣ ድር እያደራ ያድጋል። በኢትዮጵያም የታወቀ የቀፎ ተባይ ነው።

በስፔን ትሠራ የነበረችው ጣሊያናዊት ተመራማሪ ፌዴሪካ ቤርቶኪኒ ንብ አናቢም ናት። ከቀፎዋ የለቀመቻቸውን ትሎች ፌስታል ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ፌስታሉ ወንፊት ሆነ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት 100 ያህል ትሎች በ12 ሰዓት 92 ሚሊግራም ፕላስቲክ አጉድለዋል። የአንድ ፌስታል ክብደት እንኳ አይሞላም፤ ለፖሊኢትሊን ግን ፈጣን ነው።

ሰምም ፖሊኢትሊንም ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለት አላቸው። ፖሊኢትሊን እንዲፈርስ መጀመሪያ ኦክስጅን ሊያጠቃው ይገባል፤ በፀሐይና በአየር ይህ ረጅም ጊዜ ይፈጃል። በ2022 እ.ኤ.አ. በትሉ ምራቅ ውስጥ የተገኙት ኢንዛይሞች ግን ይህን በተራ የክፍል ሙቀት፣ በጥቂት ሰዓታት እንደሚጀምሩት ተዘግቧል።

ትሉን ቆሻሻ ክምር ላይ መልቀቅ መፍትሔ አይሆንም፤ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ የሚሄደው ወደ ቀፎ ነው። ተስፋ የተጣለው በኢንዛይሙ ላይ ነው።