የዱር እንስሳት አያያዝ የመስክ ትምህርት በአፍሪካ

የዱር እንስሳት አያያዝ የመስክ ትምህርት እንስሳትን፣ መኖሪያቸውንና ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ያላቸውን ግንኙነት በቦታው ተገኝቶ በማየት፣ በመቁጠርና በመመዝገብ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ተማሪው ዱካ መለየትን፣ የእንስሳት ቆጠራን፣ የዕፅዋት ጥናትን፣ የካርታ ንባብንና የጥበቃ ሥራን በፓርክ ውስጥ ይማራል። የትምህርቱ ዓላማ ለውሳኔ የሚበቃ አስተማማኝ መረጃ መሰብሰብ የሚችል ባለሙያ ማፍራት ነው። አንድ ፓርክ ስንት እንስሳ እንዳለው፣ ቁጥሩ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑና የለውጡ ምክንያት ምን እንደሆነ ካልታወቀ፣ ስለ ወሰን፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ አደን ፈቃድም ሆነ ስለ በሽታ መከላከል የሚሰጠው ውሳኔ በግምት ላይ የቆመ ይሆናል። በአፍሪካ በዚህ ሙያ ከታወቁት ትምህርት ቤቶች አንዱ በታንዛኒያ የሚገኘው የምዌካ ኮሌጅ ነው።

ታሪክ

በቅኝ ግዛት ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ የፓርኮችና የአደን ክልሎች ኃላፊዎች በአብዛኛው አውሮፓውያን ነበሩ። አፍሪካውያን የሚቀጠሩት በዘበኝነት፣ በመንገድ መሪነትና በዱካ ፈላጊነት ነበር። የእንስሳቱን ጠባይ በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች ፓርክ ለማስተዳደር የሚያበቃ ሥልጠና የሚያገኙበት ቦታ አልነበራቸውም። የነፃነት ጊዜ ሲቃረብ የውጭ ኃላፊዎቹ ሲሄዱ ማን ይተካቸዋል የሚለው ጥያቄ አሳሳቢ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1961 በአሩሻ ከተማ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ አህጉራዊ ጉባኤ ተደረገ። በዚያን ጊዜ የታንጋኒካ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጁሊየስ ኔሬሬ «የአሩሻ ማኒፌስቶ» በመባል የሚታወቀውን መግለጫ አወጡ። መግለጫው የዱር እንስሳትን መጠበቅ የአዲሱ መንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ተቀብሎ፣ ሥራው ልዩ ዕውቀት፣ የሠለጠነ የሰው ኃይልና ገንዘብ እንደሚጠይቅ አመለከተ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ የአፍሪካ የዱር እንስሳት አያያዝ ኮሌጅ በምዌካ ተከፈተ። ምዌካ ከሞሺ ከተማ በስተሰሜን 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ ይገኛል። የመጀመሪያው ኃላፊ ሂዩ ላምፕሬይ የተባሉ የሥነ ሕይወት ባለሙያና አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ። ላምፕሬይ ቀደም ሲል በታራንጊሬ ባደረጉት ጥናት፣ በአንድ መሬት ላይ አብረው የሚኖሩ ትልልቅ ሣርና ቅጠል በል እንስሳት ምግቡን እንዴት እንደሚከፋፈሉ አሳይተዋል። አንዱ ሣር ሲግጥ ሌላው ቅጠል ይቀነጥባል፤ ቀጭኔ ከዛፍ ላይ ስትበላ ትናንሾቹ ከቁጥቋጦ ሥር ይመገባሉ፤ አንዳንዶቹም በክረምትና በበጋ ቦታ ይቀያየራሉ። ይህን ማወቅ የተቻለው በየወቅቱ በአንድ አካባቢ እየተመላለሱ በማየትና በመመዝገብ ነው።

ምዌካ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። ለፈረንሳይኛ ተናጋሪ አገሮች ተመሳሳይ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 በካሜሩን ጋሩዋ ከተማ ተመሠረተ። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ከክሩገር ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የደቡባዊ አፍሪካ የዱር እንስሳት ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ተቋቋመ።

የትምህርቱ ይዘት

የክፍል ትምህርቱ ሥነ ምኅዳርን፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ምደባን፣ ሕግንና የፓርክ አስተዳደርን ይይዛል። የመስክ ትምህርቱ ብዙ ጊዜ ለቀናት ወይም ለሳምንታት በድንኳን እየታደረ የሚሰጥ ነው። ለምዌካ ተማሪዎች እንደ ታራንጊሬ፣ ማንያራ ሐይቅ፣ ንጎሮንጎሮና ሰሬንጌቲ ያሉ ቦታዎች በአንድ ቀን ጉዞ ርቀት ውስጥ ይገኛሉ።

በመስክ ከሚሰጡት ትምህርቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው፦

• ዱካ፣ ፋንድያ፣ የተቀነጠበ ቅርንጫፍና የተላጠ ቅርፊት አይቶ የትኛው እንስሳ መቼ እንዳለፈ መለየት፤
• በኮምፓስ፣ በካርታና በጂፒኤስ አቅጣጫ መያዝ፤
• የሣርንና የቁጥቋጦን ሽፋን ለክቶ የግጦሽ መሬት ሁኔታን መገመት፤
• የሞተ እንስሳ ሲገኝ የሞቱን ምክንያት መመርመርና ናሙና በጥንቃቄ መያዝ፤
• ሕገወጥ አደን የተፈጸመበትን ቦታ ሳይነኩ መመዝገብና ማስረጃ መያዝ፤
• የጦር መሣሪያ አያያዝ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና የመኪና ጥገና፤
• ከአርብቶ አደሮችና ከአርሶ አደሮች ጋር ተወያይቶ የሰብልና የከብት ጉዳትን ማጣራት።

የመጨረሻው ነጥብ ከሌሎቹ ያነሰ አይደለም። ብዙ እንስሳት የፓርክ ወሰን አያግዳቸውም። በታራንጊሬና በማንያራ ሐይቅ ፓርኮች መካከል የሚገኘው ክዋኩቺንጃ የእንስሳት መተላለፊያ ለዚህ ምሳሌ ነው። መተላለፊያው በመንደር፣ በእርሻና በመንገድ እየተጣበበ በመሄዱ፣ ጥበቃው የሚቻለው በመሬቱ ላይ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር በመስማማት ነው።

የቆጠራ ዘዴዎች

የዱር እንስሳትን አንድ በአንድ መቁጠር የሚቻለው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ከትንሽ ናሙና ተነሥቶ ጠቅላላውን መገመት ይማራሉ።

የመስመር ቆጠራ። ቆጣሪው ትራንሴክት በሚባል ቀጥተኛ መስመር እየሄደ በግራና በቀኝ ያየውን ይመዘግባል። ለምሳሌ 10 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በየጎኑ እስከ 50 ሜትር ያለውን ቢቆጥር፣ የሸፈነው መሬት 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ውስጥ 12 እንስሳ ቢያይና ተመሳሳይ መኖሪያ ያለው ጠቅላላ ቦታ 300 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ግምቱ 3,600 ይሆናል። ነገር ግን ቆጣሪው በቁጥቋጦ በመሸፈናቸው ከእንስሳቱ ግማሾቹን ሳያይ ካለፈ፣ እውነተኛው ቁጥር የዚህ እጥፍ ነው። በሥራ ላይ አንድ መስመር ብቻውን አይበቃም፤ ብዙ መስመሮች በዕጣ ተመርጠው ይቆጠራሉ።

ምልክት አድርጎ እንደገና መያዝ። እንስሳት ተይዘው ምልክት ከተደረገባቸው በኋላ ይለቀቃሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሌላ ናሙና ይያዛል። በመጀመሪያ 40 ምልክት ተደርጎባቸው፣ በሁለተኛው ጊዜ ከተያዙት 50 መካከል 10 ምልክት ያላቸው ቢገኙ፣ ግምቱ 40 × 50 ÷ 10 = 200 ይሆናል። ስሌቱ የሚሠራው በመካከሉ ብዙ እንስሳ ካልሞተ፣ ካልተወለደና ካልፈለሰ ነው። የሜዳ አህያን መስመር ወይም የነብርን ነጠብጣብ በፎቶግራፍ በመለየት ሳይዙ መቁጠርም ይቻላል። ለዚህም እንስሳ ሲያልፍ ራሱ ፎቶ የሚያነሣ የካሜራ ወጥመድ ይረዳል።

የአየር ቆጠራ። ለሰፊና ገላጣ ሜዳ ትንሽ አውሮፕላን ጥቅም ላይ ይውላል። ትልልቅ መንጋዎች በፎቶግራፍ ይነሡና በኋላ ይቆጠራሉ። ዘዴው ለጥቅጥቅ ደን አይመችም።

የሰሬንጌቲ ምሳሌ

ጀርመናዊው በርንሃርድ ግርዚሜክና ልጃቸው ሚካኤል እ.ኤ.አ. በ1958 የሜዳ አህያ መስመር በተቀባ አነስተኛ አውሮፕላን የሰሬንጌቲን እንስሳት ቆጠሩ፤ የፍልሰቱን መንገድም ተከታተሉ። በዚያን ጊዜ የፓርኩ ወሰን እንዲለወጥ ታስቦ ነበር። ጥናቱ መንጋዎቹ ከታሰበው ወሰን ውጭ እንደሚሄዱ አሳየ። ሚካኤል ግርዚሜክ እ.ኤ.አ. በጥር 1959 በሥራ ላይ እያሉ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የተከታታይ ቆጠራ ጥቅም ይበልጥ ታየ። ዋይልድቢስት ወይም ኑ የሚባለው በመንጋ የሚፈልስ ሣር በል እንስሳ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከ300,000 በታች ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ሆነ። ምክንያቱ የተገኘው ከእንስሳቱ በተወሰደ የደም ናሙና ነው። በአካባቢው ያሉ የቀንድ ከብቶች ስለ ተከተቡ፣ ጥጆችን ይፈጅ የነበረው የደስታ በሽታ ከዱር እንስሳቱም ጠፍቶ ነበር። ከበሽታው መጥፋት በኋላ የተወለዱት በደማቸው ውስጥ የበሽታው ምልክት አልተገኘባቸውም። ዋይልድቢስቶቹ ሲበዙ ሣሩን ስለሚግጡት የሰደድ እሳት ቀነሰ፤ እሳቱ ሲቀንስ ደግሞ ዛፎች ተመልሰው በቀሉ። ስለዚህ ከብት መከተብ የዱር እንስሳት አያያዝ አካል መሆኑ ታወቀ።

ይህ በሽታ በኢትዮጵያ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ «ክፉ ቀን» ተብሎ በሚታወቀው ዘመን በሬውን ፈጅቶ ለከባድ ረኃብ ምክንያት የሆነው ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ ተዛምቶ በምሥራቅ አፍሪካም የማሳይን ከብት፣ ጎሽንና ዋይልድቢስትን ጨረሰ። የደስታ በሽታ ከዓለም መጥፋቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

በኢትዮጵያ

እ.ኤ.አ. በ1963 በጁሊያን ሀክስሊ የተመራ የዩኔስኮ ልዑክ የኢትዮጵያን የዱር እንስሳት ሁኔታ ካጠና በኋላ ዘመናዊው የጥበቃ ሥራ ተጀመረ። የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮችም በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ተቋቋሙ። ኢትዮጵያውያን የጥበቃ ሠራተኞች በምዌካ ሠልጥነዋል። በአገር ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 የተመሠረተውና አሁን በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የወንዶ ገነት ኮሌጅ የዱር እንስሳት ትምህርት ይሰጣል።

ከረጅም ጊዜ የመስክ ጥናቶች መካከል በባሌ ተራሮች በቀይ ቀበሮ ላይ የሚደረገው ይጠቀሳል። ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ሲሆን በጠቅላላው ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይኖራሉ። ቀበሮዎቹ በቡድን ክልላቸውን ቢጠብቁም አይጥና ፍልፈል የሚያድኑት ለየብቻቸው ነው። ተመራማሪዎችና የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ ተቆጣጣሪዎች በእግርና በፈረስ እየተዘዋወሩ እያንዳንዱን ቡድን ይመዘግባሉ።

እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የቀበሮ ሬሳ መገኘት ሲጀምር፣ የአባላቱ ቁጥር አስቀድሞ ስለሚታወቅ ጉዳቱ ፈጥኖ ታየ። ምክንያቱ ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። በሸለቆው ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ ሞቱ። በሽታው ወደ ሌሎች ክፍሎች እንዳይሻገር ቀበሮዎች እየተያዙ ተከተቡ። ከዚህ የተገኘው መረጃ፣ ቡድኖቹ የሚገናኙባቸውን ቦታዎች መርጦ በመከተብ ሁሉንም ሳይከትቡ ወረርሽኝን መግታት እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ የአፍ ክትባት ጥቅም ላይ ውሏል።

ችግሮች

የመስክ ትምህርት ከክፍል ትምህርት የበለጠ ወጪ ይጠይቃል፤ መኪና፣ ነዳጅ፣ ስንቅና አስተማሪ በአንድ ጊዜ ያስፈልጉታል። የአውሬ ጥቃትና ታጣቂ አዳኞች አደጋ ያስከትላሉ። በጸጥታ ችግር የተቋረጠ ቆጠራን መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ከመቋረጡ በፊትና በኋላ ያለውን ለውጥ ምክንያት ማወቅም ያስቸግራል። በሌላ በኩል የተመረቁ ባለሙያዎች በቢሮ ሥራ ተጠምደው ከመስክ መራቃቸው ይታያል። በእነዚህ ምክንያቶች የቆጠራ መዝገብ ሳይቋረጥ የሚቆየው በአብዛኛው በቦታው የሚኖሩ ስካውቶችና ነዋሪዎች ሠልጥነው ሥራውን ሲይዙት ነው።