ንቅሳት፦ የማን ውሳኔ ነበር?

በኢጣሊያና በኦስትሪያ ወሰን ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ከበረዶ ሥር የተገኘው፣ ከ5 ሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው የሰው አስከሬን በገላው ላይ 61 የንቅሳት ምልክቶች አሉት። በላይኛው ግብፅ፣ ገበለይን በተባለው ሥፍራ የተገኙ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አስከሬኖችም ዕድሜያቸው ከዚሁ የሚቀራረብ ሲሆን በቆዳቸው ላይ ንቅሳት ታይቷል። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ ኑብያ የክርስቲያን አገር በነበረችበት ዘመን በኖረች አንዲት ሴት ጭን ላይ የመልአኩ የቅዱስ ሚካኤል ስም በተጠላለፉ ፊደላት ተነቅሶ ተገኝቷል። ሊቃውንት የእነዚህን ምልክቶች ቅርጽና ብዛት መዝግበዋል፤ ቀለሙ ጥቀርሻ መሆኑንም አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ አስከሬን የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ንቅሳቱ ሲጀመር ባለገላው ስንት ዓመቱ ነበር? «ተነቀስ» ያለውስ ማን ነው?

በአገራችን ይህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው አላጣም። ግንባራቸውን፣ አንገታቸውን፣ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶችና አያቶች ዛሬም በየመንደሩና በየከተማው አሉና። የንቅሳት ታሪክ ግን እስካሁን በአብዛኛው የተጻፈው ስለ ጌጡ እንጂ ስለ ተጌጠችው ልጅ አይደለም።

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ፣ በጎንደርም ሆነ በጎጃም፣ በወሎም ሆነ በትግራይ፣ ንቅሳት የሴት ጌጥ ነው። ግንባር ላይ መስቀል፣ አንገት ላይ እንደ ድሪ የተደራረበ መስመር፣ በመንጋጋና በአገጭ ላይ ነጠብጣብና ጨረር መሰል ምልክት፣ በእጅ ላይም ልዩ ልዩ ቅርጽ ይነቀሳል። አንገቷን የተነቀሰች ሴት ድሪዋን ሌባ አይወስድባትም፣ ችግርም አያሸጣትም። ብር ለመግዛት አቅም ለሌለው ገበሬ ልጅ ይህ ቀላል ነገር እንዳልነበረ መገመት አያዳግትም። የድዱ ንቅሳት፣ ውቅራት የሚባለው፣ የራሱ ጥበብ አለው። ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ይበልጥ ነጥቶ ይታያል። ዘፋኞች የጥርስንና የአንገትን ውበት አንስተው የማይጠግቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም የነቃሽዋ እጅ ያረፈባቸው የገላ ክፍሎች ናቸው።

አሠራሩ ለመናገር ቀላል፣ ለመቻል ከባድ ነው። ከምጣድ ወይም ከድስት ቂጥ፣ አለዚያም ከኩራዝ ጢስ የተጠራቀመ ጥቀርሻ በቅጠል ጭማቂ ይለወሳል። ነቃሽዋ በሠፈሩ ዘንድ በእጇ የታወቀች ሴት ናት። በእሾህ ወይም በአንድነት በታሰሩ መርፌዎች የቆዳውን ላይኛ ክፍል እየወጋች ቀለሙን ታስገባለች። ደም ይፈስሳል፤ ፊት ያብጣል፤ በተለይ ድዷን የተነቀሰች ልጅ ለቀናት እህል መቅመስ ያቅታታል። ጥቀርሻው ቆዳ ውስጥ ጠልቆ ይቀራል። የገላ መከላከያ ሕዋሳት ባዕድ ነገር መስሏቸው ይውጡታል፤ ሊያስወግዱት ግን አይችሉም። አንዱ ሕዋስ ሲሞት ሌላው የተፈታውን ቀለም መልሶ ይይዛል። ንቅሳት ዕድሜ ልክ የሚኖረው ገላ ቀለሙን ስለተቀበለው ሳይሆን ሊጥለው ስላልቻለ ነው።

ጌጥነቱ ብቻውን አልነበረም ንቅሳትን ያቆየው። ግንባር ላይ ያለው መስቀል የእምነት ምልክትና ከክፉ ዓይን መጠበቂያ ተደርጎ ተቆጥሯል። ድድን መነቀስ ድድን ያጠነክራል፣ ደም መፍሰሱንም ያቆማል ተብሎ ታምኗል። እንቅርት ያበጠባት ሴት አንገቷን ስትነቀስ ይመለስላታል የሚል ተስፋም ነበረ። እንቅርት በዋናው አዮዲን ከማጣት የሚመጣ በመሆኑ መርፌና ጥቀርሻ ሊያድኑት አይችሉም። ነገር ግን በዙሪያዋ ሐኪም ቤት ለሌላት ሴት ነቃሽዋ ጌጥ ሠሪም ሐኪምም ነበረች። ይህን ሳያስቡ ልማዱን በድንቁርና ብቻ መፈረጅ የታሪክን ሥራ አቋራጭ መንገድ ማስያዝ ይሆናል።

አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ። ንቅሳት በብዛት የሚፈጸመው ልጃገረዷ ለዓቅመ ሔዋን በምትቃረብበት፣ ከጋብቻ በፊት ባለው ጊዜ ነበር። አንዳንዷ በሕፃንነቷ፣ ገና ፈቃድና እንቢታ የሚባለውን ሳታውቅ፣ በእናቷ ወይም በአያቷ ጭን ላይ ተይዛ ተነቅሳለች። ከፍ ብላ የተነቀሰችው ግን ነገሯ ውስብስብ ነው። እኩዮቿ ሁሉ ተነቅሰው እርሷ ብቻዋን ባዶ አንገቷን ወንዝ ስትወርድ፣ ቤተ ክርስቲያን ስትስም፣ በሠርግ ቤት ስትጨፍር፣ ዓይን ያርፍባታል። ስለዚህ እናቷን የምትለምነው ራሷ ትሆናለች። «ንቀሱኝ» ማለቷ ፈቃዷ ነው ወይስ የመንደሩ ፈቃድ በእርሷ አንደበት ሲናገር?

ለዚህ ጥያቄ የተቻኮለ መልስ መስጠት አይገባም። ባሏን የማትመርጥ፣ የሠርጓን ቀን የማትወስን፣ ከአባቷ ቤት ወደ አማቷ ቤት የምትተላለፍ ልጅ ስለ ገላዋ «ይህን እፈልጋለሁ» ለማለት ከተፈቀደላት ጥቂት ነገሮች አንዱ ንቅሳት ነበር። የቅርጹን ዓይነት፣ የመስመሩን ብዛት መርጣ ይሆናል። ሕመሙን ሳታለቅስ መቻሏ በእኩዮቿ ዘንድ ያስከብራታል። በሌላ በኩል ግን ምርጫዋ በጠባብ በረት ውስጥ የተደረገ ምርጫ ነው። የምትጌጠው ለሚመጣው ባልና ለሚመረምሯት አማቶች ነበርና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ በገጠሩ ብዙዎቹ ከዚያም በፊት ይዳሩ ነበር። ዕድሜውን ወደ 18 ያሳደገው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ትዳር በልጅነት ሲሆን ለትዳር የሚደረገው ጌጥም በልጅነት መሆኑ አይቀሬ ነው። የንቅሳትን ዕድሜ ከጋብቻ ዕድሜ ነጥሎ ማየት አይቻልም።

ሃይማኖትም ቢሆን አንድ ቃል አልነበረውም። ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ገላን መነቀስን ይከለክላል፤ የእስልምና ትምህርትም ያወግዘዋል። የደጋዋ ክርስቲያን ግን ግንባሯ ላይ ያሳረፈችው መስቀሉን ራሱን ነው። በኢየሩሳሌም ደግሞ የግብፅ ኮፕቶችና ሌሎች የምሥራቅ ክርስቲያኖች የተሳላሚነታቸውን ምልክት በክንዳቸው ላይ ማስነቀስ የቆየ ልማዳቸው ነው። መጽሐፉ የከለከለውን ምልክት የመጽሐፉ ልጆች የእምነታቸው ማኅተም አድርገውታል።

በዚህ ላይ ከደጋው ወጥቶ ምዕራባዊውን ቆላ መመልከት ይጠቅማል፤ የጉርምስና ውሳኔ በሌላ መልክ ይታያልና። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳን በሚኖሩት ኑዌሮች ዘንድ ወንድ ልጅ ወደ ጎልማሳነት የሚሻገረው ግንባሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ስድስት መስመሮች በስለት ሲሰመሩለት ነው። ይህ ቀለም የሌለው የጠባሳ ምልክት ጋር ይባላል። በቀደመው ልማድ ለመሰመር የሚቸኩለው ልጁ፣ ጊዜውን የሚያዘገየው አባቱ ነበር፤ ምክንያቱም የተሰመረ ልጅ ስለ ከብትና ስለ ሚስት የመጠየቅ መብት ያገኛል። በኋላ ግን ትምህርት ቤት የገቡ ወጣቶች አንሰመርም ማለት ጀመሩ። ከእኩዮቻቸው ፊት ግንባራቸው ለስላሳ እንደሆነ ቆመው፣ ወንድ ናቸው ወይስ ልጆች በሚል ክርክር መካከል መኖር ግድ ሆነባቸው። እንቢ ማለት በስለት ሥር ሳያቃስቱ ከመተኛት ያነሰ ድፍረት የሚጠይቅ አልነበረም።

የደጋዋም ልጃገረድ እንቢታ ከትምህርት ቤት በር ነው የተጀመረው። ተማሪ ቤት የገባችው ልጅ ሌላ ዓይነት እኩያ አገኘች፤ አንገቷ ባዶ የሆነ፣ ስለ ባዶነቱም የማያፍር። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲዘምቱ፣ ያልተነቀሱ የከተማ ልጃገረዶች ከተነቀሱ የገጠር እኩዮቻቸው ጋር ፊት ለፊት ተያዩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ንቅሳት እንጥል ከመቁረጥና የወተት ጥርስ ከመንቀል ጋር በጎጂ ልማዶች ዝርዝር ውስጥ እየተጠራ በጤና ትምህርት ተወገዘ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 567 በሌሎች ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አማካይነት በሰው አካል ላይ የሚደርስን ጉዳት ያስቀጣል። ውግዘቱ መሠረት አለው። አንድ መርፌ ከአንዷ ደም ወደ ሌላዋ ደም ሲሸጋገር የጉበት ቫይረስንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ባልጸዳ እሾህ የተወጋ ቁስልም ሊያመረቅዝ ይችላል።

ይሁን እንጂ የማስተማሩ ሥራ አንድ ነገር ዘንግቷል ማለት ይቻላል። ያልተነቀሰችውን ልጅ ከመርፌው ሲያድን የተነቀሰችውን እናት ለመሳለቂያ አሳልፎ ሰጥቷል። ትናንት የተሞገሰችበት አንገት ዛሬ የባላገርነት ምልክት ሆነባት። ወደ ከተማ የገባችው ሴት ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አሠረች፤ ነጠላዋን በአንገቷ ዙሪያ ጠመጠመች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፈነች። ሲነቅሷት አልጠየቋትም፤ ሲስቁባትም አልጠየቋትም። ባህልን ለማሻሻል የሚሠራ ሰው ልማዱን ከባለልማዷ መለየት ካቃተው ሥራው ግማሽ ነው።

ይህ ሁለት ጊዜ መጎዳት ጎልቶ የታየው በባዕድ ምድር ነው። ቤተ እስራኤላውያን ሴቶች በጎንደርና በአካባቢው ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር አብረው ሲኖሩ ንቅሳቱንም ተጋርተው ነበር፤ መስቀል መሰል ቅርጽ ግንባራቸው ላይ ያለባቸው እናቶችም ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ ከዚያም ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን በተጓጓዙበት በዘመቻ ሰለሞን እስራኤል ሲደርሱ፣ በአገራቸው ጌጥ የነበረው ምልክት በአዲሱ ቤታቸው የባዕድ ሃይማኖት ማኅተም ሆኖ ታየባቸው። ከእነርሱ መካከል በጨረር ለማስጠፋት ወደ ሐኪም የሄዱ አሉ። ጨረሩ ጥቀርሻውን ያደቅቀዋል፤ ገላም ደቃቁን ቀስ በቀስ ያስወግደዋል። ሕክምናው በተደጋጋሚ ቀጠሮ የሚፈጸም፣ ራሱም የሚያም ነው፤ በጠይም ቆዳ ላይ ደግሞ የቀለም መጉደል እንዳያስከትል ጥንቃቄ ይጠይቃል። በልጅነት በአንድ ቀን የተወሰነውን ለመሻር ወራት ይፈጃል። ይሁንና እዚህ ላይ ቢያንስ ወሳኟ ራሷ ሴትዮዋ ናት።

የዛሬው ወጣት ንቅሳት የሚመጣበት መንገድ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ኒው ዮርክ ውስጥ ሳሙኤል ኦራይሊ በስሙ ያስመዘገበው የኤሌክትሪክ መንቀሻ መሣሪያ ነቃሽነትን የሱቅ ሥራ አደረገው። በአዲስ አበባም «ታቱ» የሚሉት ሥራ የራሱ ቤቶችና የራሱ ሠዓሊዎች አሉት። ልጅቷ አሁን እናቷን አትለምንም፤ ከእናቷ ትደብቃለች። እናቷ ደግሞ፣ አንገቷ ላይ የማይለቅ ድሪ ያለባት እናት፣ «ገላሽን ለምን አበላሸሽ?» ብላ ትቆጣለች። ይህ ቁጣ ግብዝነት የሚመስለው የታሪኩን ግማሽ ለማያውቅ ነው። እናትየዋ የምታውቀውን ታውቃለች፦ በ14 ዓመት ያማረ ነገር በ40 ዓመት ሻሽ ሊያስፈልገው እንደሚችል ከራሷ ገላ ተምራለች።

ልጅቷም ብትሆን «በፈቃዴ ነው» ስትል ቃሏ እንደ አያቷ «ንቀሱኝ» መመርመር ያለበት ነው። የመንደር እኩያ በስልክ መስታወት ላይ በሚታይ እኩያ ተተክቷል፤ ባዶ አንገት የሚያሳፍርበት ቀን በሌላ በኩል ተመልሶ መጥቷል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣችው ሕግ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው መነቀስ ከልክላለች። ይህ ዓይነቱ ሕግ ንቅሳትን አይጠላም፤ ውሳኔውን ወደ ፊት ብቻ ይገፋዋል። አያቲቱን የጎዳት የመነቀስዋ ነገር ሳይሆን ያልቆየላት ጊዜ ከሆነ፣ ለልጅ ልጇ ሊሰጣት የሚችለው ትልቁ ነገር ይኸው ጊዜ ነው። መምህር በክፍል ውስጥ «ንቅሳት ክልክል ነው» ከማለት «መቼ? በማን መርፌ? ስለ ማን ብለሽ?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ለሠዓሊያንና ለባህል ሠራተኞች የቀረው ሥራ ደግሞ በጊዜ የተወሰነ ነው። የንቅሳትን ቅርጽ የሚያውቁት እናቶች እያለፉ ነው፤ ገላ ሙዚየም አይገባም። ቅርጹን በወረቀት ላይ የሚያነሳ ሰው ከሥዕሉ ጎን የወረዳውንና የነቃሽዋን ስም ብቻ ጽፎ እንዳይነሣ። ስንት ዓመትሽ ነበር፣ ማን ያዘሽ፣ ማን ለመነ፣ ለነቃሽዋ ምን ተከፈለ፣ ቅርጹን የመረጠው ማን ነው፣ አልነቀስም ያለች እኅት ወይም ጎረቤት ነበረችሽ ወይ፣ እርሷስ ምን ደረሰባት ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በተናጋሪዋ አነጋገር፣ ሳያርም ይመዝግብ።