ከ«ስታንድ አፕ» በኋላስ?

«ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር!» ስንቶቻችን ነን ቆመን በዜማ ያልነው? ይህች የክፍል እንግሊዝኛ የራሷ ታሪክ አላት።

በደርግ ጊዜ እንግሊዝኛ የሚጀመረው 3ኛ ክፍል ነበር፤ ሌላው ትምህርት በእንግሊዝኛ የሚሆነው ደግሞ 7ኛ ላይ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መጣና የመጀመሪያ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ አድርጎ፣ እንግሊዝኛን ወደ 1ኛ ክፍል አወረደው። ከ1ኛ እስከ 4ኛ አንድ መምህር ሁሉንም ስለሚያስተምር፣ ሒሳብ የሚያስተምረው ሰው በአንድ ጊዜ የእንግሊዝኛ መምህርም ሆነ። በ1990ዎቹ እነ ኢሊፕ ሥልጠና መጡ።

ሀዋሳ መቀመጫው በነበረችው በደቡብ ክልል ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ከበደ፤ ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሆነ። ልጁ ለሳይንስ መጽሐፍ የሚዘጋጅበት 4 ዓመት ብቻ ነበረው።

በነዚያ ዓመታት የሚሰማው ምን ነበር? «ስታንድ አፕ»፣ «ሲት ዳውን»፣ «ኦፕን ዩር ቡክ»፣ «ክላፕ ፎር ሂም»። ልብ በሉ፣ ሁሉም ትእዛዝ ነው፤ ልጁ በእጅ በእግሩ እንጂ በአፉ አይመልስም። አሟልቶ የሚናገራት አንዲት የራሱ ዓረፍተ ነገር «ሜይ አይ ጎ አውት?» ናት። እሷንም የለመዳት ስለምታስፈልገው ነው።

አሁን 1ኛ ክፍል የምታስተምሩ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እባካችሁ ሁለት ጨምሩላቸው፦ «አይ ዶንት አንደርስታንድ» እና «ፕሊስ ሴይ ኢት አጌን»። ሲጠይቁም አትቆጧቸው።