በሀዲያና በከምባታ የኪነ ጥበብና የማኅበረሰብ ጥናት ለሚያካሂዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተዘጋጀ መረጃ

ይህ ጽሑፍ በሆሳዕና፣ በዱራሜና በዙሪያቸው ባሉ ከተሞችና ቀበሌዎች በዘፈን፣ በሥነ ቃል፣ በዕደ ጥበብና በልማዳዊ ሥርዓቶች ላይ የመመረቂያ ጥናት ለሚያካሂዱ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ዕውቀታቸውን ለሚያካፍሉ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ነው። ተማሪው ዲግሪ የሚያገኝበት ዕውቀት አስቀድሞ የማኅበረሰቡ ሀብት በመሆኑ፣ ፈቃድ መጠየቅና ውጤቱን መመለስ የጥናቱ አካል እንጂ ተጨማሪ በጎ አድራጎት አይደለም።

1. የትምህርት ተቋማት

በአካባቢው የሚገኘው የመንግሥት ከፍተኛ ትምህርት ተቋም ዋናው ግቢው ሆሳዕና የሆነው ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በዱራሜም ግቢ አለው። በሥነ ጥበብ፣ በሙዚቃ፣ በቴአትርና በፎክሎር መማር የሚፈልጉ አመልካቾች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙትን የአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን፣ የያሬድ ሙዚቃ እና የዮፍታሔ ንጉሤ ቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤቶች እንዲሁም የፎክሎር ትምህርት ክፍሉን መጠየቅ ይችላሉ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየምም ቀደምት ጥናቶችን ለመመልከት ያገለግላል። አመልካቾች ትምህርት ሚኒስቴር ስለሚያዘጋጀው አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

2. ከመስክ ሥራ በፊት

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሙዚቃን፣ ድራማን፣ ሥነ ቃልን፣ የሠርግና የልቅሶ ሥርዓቶችን ግዙፍነት ከሌላቸው ቅርሶች ውስጥ ይቆጥራል፤ የቅርስ ጥናትም በጽሑፍ ፈቃድ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ስለሆነም ተማሪው ርእሱ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል።

ከዩኒቨርሲቲው የሚሰጠው የትብብር ደብዳቤ በተለምዶ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይመራል። ሁለቱ ዞኖች ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሥር በመሆናቸው፣ ደብዳቤው በቀድሞው ክልል ስም እንዳይጻፍ ጥንቃቄ ይደረግ።

የጊዜ ሰሌዳም ወሳኝ ነው። የሀዲያ ያሆዴ እና የከምባታ መሳላ በዓላት የሚከበሩት በመስከረም ወር ከመስቀል ጋር ተያይዘው ነው። የጥናት ዕቅዱ ከኅዳር በኋላ የጸደቀለት ተማሪ በዓሉን በዓይኑ ለማየት እስከሚቀጥለው መስከረም መጠበቅ ግድ ይሆንበታል።

3. በመስክ ላይ

ሀዲይሳና ከምባቲሳ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። ቃለ መጠይቅና ዘፈን በመጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ ተጽፎ፣ ቀጥሎ ወደ አማርኛ ወይም ወደ እንግሊዝኛ ቢተረጎም የባለቤቱ ቃል ሳይዛባ ይቆያል፤ ስሕተትም ቢኖር ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ሊያርሙት ይችላሉ።

ማኅበረሰቡን የመረጃ ምንጭ ብቻ ሳይሆን ተመካካሪ ለማድረግ አካባቢው የራሱ ምሳሌ አለው። ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የተባለው ድርጅት የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት የታገለው ወንዶች፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች በተከታታይ ተገናኝተው ስለ ልማዱ በሚመክሩበት የማኅበረሰብ ውይይት ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ አንድ ጊዜ መጥቶ መጠይቅ አስሞልቶ ከመሄድ ይልቅ፣ ደጋግሞ መመለስና ማዳመጥ ይበልጣል።

4. የነዋሪዎች መብት

ማንኛውም ነዋሪ በጥናት የመሳተፍ ግዴታ የለበትም። ደብዳቤው ለቀበሌው መድረሱ የግለሰቡን ፈቃድ አይተካም። ስለሆነም ነዋሪው፦

• የጥናቱን ዓላማ በሚገባው ቋንቋ እንዲብራራለት መጠየቅ፣
• ድምፁ ወይም ምስሉ እንዳይቀረጽ መከልከል፣
• ስሙ እንዲጠቀስ ወይም እንዲሰወር መወሰን፣
• ቅጂ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኞች፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለግል መረጃ ጥበቃ ያደርጋሉ። ለመመረቂያ ጽሑፍ የተሰጠ ፈቃድ ቀረጻውን ለንግድ ወይም ለማስታወቂያ ለማዋል እንደተሰጠ ፈቃድ አይቆጠርም፤ ለዚህ ሌላ ስምምነት ማድረግ ያስፈልጋል። በልቅሶ ላይ ቀረጻ ለማድረግ የሐዘንተኛው ቤተሰብ ፈቃድ ሊቀድም ይገባል።

5. ውጤቱን መመለስ

የአንድ አዛውንት ድምፅ በዕድሜ ዘመናቸው የተቀዳው አንድ ጊዜ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያ ቅጂ በተማሪው ኮምፒውተር ብቻ ከቀረ፣ የልጅ ልጆቻቸው የአያታቸውን ዘፈን የሚሰሙበት ዕድል አይኖርም። ስለዚህ ተማሪው ጥናቱን ሲያጠናቅቅ የቀረጻውን ቅጂ ለቤተሰቡ፣ የጽሑፉን ቅጂ ደግሞ ለዞኑ የባህልና ቱሪዝም መዋቅርና ለአካባቢው ቤተ መጻሕፍት እንዲያስረክብ ይመከራል። ከተቻለም ዋና ዋና ግኝቶቹን መረጃ ለሰጡት ሰዎች በቋንቋቸው ያቅርብ። ይህ ኃላፊነት ከጅምሩ በጥናት ዕቅዱና በበጀቱ ውስጥ ቢካተት አፈጻጸሙ የተሟላ ይሆናል።