የተቀመጡበት ሰዓትና የያዙት ዕውቀት፤ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች በፈተና ክሬዲት ስለማግኘታቸው

ኮሌጅ ክሬዲት የሚሰጠው ተማሪው ስለሚያውቀው ነገር ነው ወይስ በክፍል ተቀምጦ ስላሳለፈው ሰዓት? ይህ ጥያቄ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የትምህርት ታሪክ ውስጥ በገንዘብ ተመዝኖ ስለሚገኝ ልንመረምረው ፈለግን። መንግሥት ለተቀመጡበት ሰዓት መክፈል የጀመረው በ1944 ዓ.ም. ነው፤ ለፈተናው ለመክፈል ግን 60 ዓመት ፈጅቶበታል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ኮሌጆች ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ሰው ምን እንደ ተማረ ሳይጠይቁ፣ ስለ አገልግሎቱ ብቻ ክሬዲት ይሰጡ ነበር። ይህ የምስጋና ስጦታ እንጂ የትምህርት ሚዛን አልነበረም። ሁለተኛው ጦርነት በመጣ ጊዜ የአሜሪካ የትምህርት ካውንስል ነገሩ እንዳይደገም አሰበ። በ1942 በዊስኮንሲን፣ በማዲሰን ከተማ፣ ለወታደሮች በደብዳቤ የሚያስተምር ተቋም ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመትም በአይዋ ዩኒቬርሲቲ ፕሮፌሰር ሊንድኲስት መሪነት ጂ. ኢ. ዲ. የተባሉት ፈተናዎች ተሰናዱ። ፈተናዎቹ ወታደሩን የት እንደ ተማረ ሳይሆን ምን እንደሚያውቅ ይጠይቁት ነበር።

ሰኔ 22 ቀን 1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት ሕግ፣ በተለምዶ ጂ. አይ. ቢል የሚባለው፣ በዓመት እስከ 500 ዶላር ለኮሌጁ፣ በወርም 50 ዶላር (ቤተ ሰብ ላለው 75) ለተማሪው መተዳደሪያ ይከፍል ነበር። ወደ 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች በዚህ ሕግ ኮሌጅ ገብተዋል። ለጋስነቱን ማንም አይክድም፤ ይሁን እንጂ በደቡቡ ክፍል ብዙ ኮሌጆች ለጥቁር ወታደር ዝግ ስለ ነበሩ፣ ዕውቀት ቢኖረውም የሚያስመዘግብበት ቦታ እምብዛም አልነበረውም። ሌላም ጉድለት ነበረ። ገንዘቡ የተያያዘው ከመመዝገብ ጋራ ነው። በመርከብ ላይ ሳለ ትሪጎኖሜትሪ የተማረ ባሕረኛ ያንኑ ኮርስ ክፍል ገብቶ ቢደግመው መተዳደሪያውን ይቀበላል፤ በፈተና ቢያልፈው ግን የሚያተርፈው ጊዜውን ብቻ ነው።

በ1967 ኮሌጅ ቦርድ ክሌፕ የተባለውን የኮሌጅ ደረጃ ፈተና አወጣ። የማዲሰኑ ተቋም በ1974 ተዘግቶ ዳንቴስ ሲተካው፣ በአገልግሎት ላይ ያለው ወታደር በዚህ መሥሪያ ቤት በኩል ለመፈተን ቻለ። ከሠራዊቱ የተሰናበተው የቀድሞ ወታደር ግን የፈተናውን ዋጋ ከጂ. አይ. ቢል ገንዘብ እንዲመለስለት የተፈቀደው በ2004 በወጣ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ አስገራሚ ይሆናል። በ2008 የወጣው አዲሱ ጂ. አይ. ቢል 36 ወር የትምህርት መብት ይሰጣል፤ ከ2011 ጀምሮም ለእነዚህ ፈተናዎች ይከፍል ጀመር። ነገር ግን የመብቱ ሒሳብ የሚቀነሰው በሙሉ ወር ነበር። ስለዚህ ከ100 ዶላር በታች የሆነ ፈተና የወሰደ ሰው ከ36 ወሩ አንድ ወር ይጐድልበታል። ያ አንድ ወር በክፍል ቢያሳልፈው የትምህርት ክፍያና የቤት ኪራይ አበል ያስገኝለት ነበር! ሒሳብ የሚያውቅ የቀድሞ ወታደር ፈተናውን ከኪሱ ከፍሎ መብቱን ቢያስቀምጥ ይሻለዋል፤ ይህን የማያውቀው ግን ሳይነገረው ከሰረ። ስሕተቱ በ2017 በወጣ ሕግ ታረመ፤ ከነሐሴ 1 ቀን 2018 ወዲህ የሚቀነሰው በተከፈለው ዋጋ ልክ ብቻ ነው።

እኛ በፈተና አልፈን እዚህ የደረስን ስለ ሆንን ለፈተና እናዳላ ይሆናል። ሆኖም መምህሩንና የቤተ ሙከራውን ሥራ ፈተና አይተካም የሚሉት ኮሌጆች ከንቱ ነገር አልተናገሩም። የትምህርት ካውንስሉ በክሌፕ ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ 50 ያገኘ ሰው ክሬዲት ይሰጠው ብሎ ይመክራል፤ ምክር ነውና አንዱ ኮሌጅ ሲቀበለው ሌላው ከፍ ያለ ውጤት ይጠይቃል፣ ሌላው ጨርሶ አይቀበልም። መንግሥት የፈተናውን ዋጋ ይመልሳል፤ ክሬዲቱን መስጠትና መከልከል ግን ዛሬም በየኮሌጁ መዝጋቢ እጅ ነው።