ሚኒስትሪ፦ የ8ኛ ክፍል ፈተናና ወላጆች በሸነን

ሚኒስትሪ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት የትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ስለ ነበር በዚሁ ስም ጸንቶ የቀረ፣ ዛሬ ግን ክልሎች የሚያሰናዱት የ8ኛ ክፍል ፈተና ነው። በዚያ ዘመን ሀገረ ሕይወት በተባለችው በአምቦ በ1939 ዓ.ም. የተቋቋመውን የእርሻ ትምህርት ቤት ወደመሰለ አዳሪ ቤት የተመረጠ ልጅ ቀለብና መኝታ ስለሚያገኝ፣ የፈተናው ዕለት ለድኻ ወላጅ እንደ ዕለተ ምጽአት የሚያስጨንቅ ነበረ።

አሁንም እንደ አምቦ በምዕራብ ሸዋ በምትገኘው በሸነን ጭንቀቱ አልቀለለም፤ ፈተናው በአፋን ኦሮሞ ይሰጣል፣ ከፍ ያለ ነጥብ ያመጡትም እንደ አዳማው የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳሪ ትምህርት ቤት ባሉ ተቋማት ለሚገኝ ቦታ ይወዳደራሉ። ገና ሳይነጋ የምትነሣ እናት፣ ሁለት የተቀረጹ እርሳሶችና ላጲስ በልጇ ኪስ ከትታ፣ የመፈተኛ ካርዱን የሰኔ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ፣ በሩ ከተዘጋም በኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ከአጥሩ ሥር ጸሎቷን ሳታቋርጥ ትቆያለች። አባት ዝም ይላል፤ ዝምታውም ቁጣ እየመሰለ ልጁን ማስፈራቱ ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። ልጁ ቢመረጥ እንኳ የመንገዱን፣ የአንሶላውንና የሳሙናውን ወጪ የሚችለው ቤተሰቡ ስለ ሆነ፣ ውጤቱ እስኪወጣ ያለው ክረምት፣ በእጅ ያለው ገንዘብ ለዘር ይዋል ወይስ ለልጁ ስንቅ ይቀመጥ በሚል የባልና የሚስት ምክር ያልፋል።